ሆም ወይስ ፕሮ? የዊንዶውስ እትሞች ከኤክስፒ እስከ 11

ማይክሮሶፍት በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒን ለገበያ ሲያቀርብ የቤት እትሙን በ199 ዶላር፣ ፕሮፌሽናሉን በ299 ዶላር ተመነ። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ስሞቹ ተለዋውጠዋል፤ እትሞቹ አንዴ ስድስት ሆነዋል፣ አንዴ ተመልሰው ጥቂት። በቤትና በሥራ እትሞቹ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ከ60 እስከ 100 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ሲዋልል ኖሯል። ዛሬም ሆም የተጫነበት ኮምፒውተር ያለው ሰው ወደ ፕሮ ልሻገር ቢል ከማይክሮሶፍት መደብር የሚጠየቀው 99 ዶላር ገደማ ነው። የተለወጠው ያ ገንዘብ የሚገዛው ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ገዢው የሚከፍለው ኮምፒውተሩ አንድ ሥራ እንዲሠራለት ነበር። አሁን የሚከፍለው በኮምፒውተሩ ላይ የማን ቃል እንደሚጸና ለመወሰን ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ወይ የማያስፈልገውን ይገዛል፣ ወይ የሚያስፈልገው እንደቀረበት ላፕቶፑ ከጠፋ በኋላ ያውቃል።

ከኤክስፒ በፊት የቤትና የሥራ ዊንዶውስ ከመሠረታቸው የተለያዩ ነበሩ። ዊንዶውስ 95፣ ዊንዶውስ 98 እና በ2000 የወጣው ሚሌኒየም በአሮጌው ዶስ ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ማሽኑን ሁሉ ይዞት ሊወድቅ ይችላል። ዊንዶውስ 98 ሲከፈት የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ሳጥን «ካንስል» የሚለውን ተጭኖ ማለፍ ይቻል እንደነበር የዚያ ዘመን ተጠቃሚዎች ያስታውሳሉ። በሌላ በኩል ከ1993 ጀምሮ ለድርጅቶች ይሸጥ የነበረው ዊንዶውስ ኤንቲ ነበር። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ፋይል ማን ይክፈት ማን አይክፈት ይለያል፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ማህደረ ትውስታ አይነካም። በፌብሩዋሪ 2000 የወጣው ዊንዶውስ 2000 ፕሮፌሽናል የዚሁ የኤንቲ ልጅ ነው። ታዲያ ብዙ ጌሞች አይሠሩበትም፤ ብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች አይናበቡትም፤ ራምም ይበላል። ምርጫው ከባድ አልነበረም። ቢሮ ከሆነ 2000፣ ቤት ከሆነ 98።

ኤክስፒ ኦክቶበር 25፣ 2001 ሲወጣ ሁለቱን ወንዞች አገናኘ። የቤቱም እትም በኤንቲ መሠረት ላይ ተሠራ። ይህ ለቤት ተጠቃሚ ትልቅ ስጦታ ነበር፤ ለሻጩ ግን አዲስ ራስ ምታት አመጣ። መሠረቱ አንድ ከሆነ 100 ዶላር የሚያስጨምረው ምንድን ነው? መልሱ አንድ ቤት ሠርቶ ለአንዱ ተከራይ ጓዳውን ቆልፎ ማከራየት ሆነ።

የተቆለፉት ነገሮች ዝርዝር የዘመኑን ቢሮ ያሳያል። ሆም ኤክስፒ የድርጅት ዶሜይን ውስጥ መግባት አይችልም፤ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የይለፍ ቃሉንና ደንቡን ሊያወርድለት አይችልም። ከሌላ ቦታ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ መሥራት አይቻልም። ፋይል የሚያመሰጥረው ኢኤፍኤስ የለውም። ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ላይ ቢጫን አንዱን ብቻ ይጠቀማል። የአንድን ፎልደር ፈቃድ በዝርዝር ማስተካከያው ገጽም ተደብቋል፤ የሚታየው ኮምፒውተሩ በሴፍ ሞድ ሲከፈት ብቻ ነው። ትንንሽ ቢሮዎችን በቀጥታ የነካው ደግሞ የኔትወርክ ገደቡ ነበር። ፋይል የሚያጋራ ኤክስፒ ሆም በአንድ ጊዜ አምስት ኮምፒውተሮችን ብቻ ያስተናግዳል፤ ፕሮፌሽናሉ አሥር። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ዳታ በአንድ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጦ ለሒሳብ ክፍሉ በኔትወርክ የሚያጋራ ቢሮን አስቡት። ስድስተኛዋ ሠራተኛ ስትገባ «ግንኙነት የለም» የሚል መልእክት ይጠብቃታል፤ ምክንያቱ የኬብል ችግር መስሎ ሙሉ ቀን ቢፈለግ አይገርምም። ይህ ቁጥር በዊንዶውስ 7 ወደ 20 ከፍ ብሎ እትም የማይለይ ሆነ።

እዚህ ላይ ከዋጋ ዝርዝሩ ውጭ የሆነ ታሪክ አለ፤ ለእኛ ሀገር ተጠቃሚ ከዝርዝሩ ይልቅ ይህኛው ይበልጣል። ኤክስፒ ለተራው ገዢ አክቲቬሽን የሚባለውን ግዴታ ያመጣ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ነው። አንዱን ሲዲ በአሥር ኮምፒውተር መጫን እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖች ያሉት ኩባንያ እያንዳንዱን አክቲቬት ሲያደርግ ሊውል ስለማይችል፣ ለጅምላ ገዢዎች አክቲቬሽን የማይጠይቅ ቅጂ ተዘጋጀላቸው። ያ ቅጂ የነበረው በፕሮፌሽናል ብቻ ነው። ከእነዚህ የጅምላ ቁልፎች አንዱ ኤክስፒ ሱቅ ሳይደርስ አፈትልኮ ወጣና ዓለምን አዳረሰ። ማይክሮሶፍት በ2002 ባወጣው የመጀመሪያው ሰርቪስ ፓክ ቁልፉን አገደው፤ ሌሎች ተተኩ። ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ኤክስፒ ፕሮፌሽናል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ዶሜይንና ኢኤፍኤስ ፈልጎ አይደለም። ሆምን መስረቅ ይበልጥ ያስቸግር ነበር።

ልማዱ ከኤክስፒ ጋር አልሞተም። በዊንዶውስ 7 ዘመን ተገልብጦ የሚጫነው አልቲሜት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፕሮ። የማይከፍል ሰው ከላይኛው መደርደሪያ ቢያነሳ ምን ይጎድልበታል? በዚህ የተነሳ በሌላው ዓለም የግዢ ጥያቄ የሆነው የሆምና የፕሮ ምርጫ እኛ ዘንድ ሳይጠየቅ ቆየ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ሥራ ተጠብቆ ሳለ ማለቴ ነው። (የአዋጁ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ማይክሮሶፍት በድሃ ሀገሮች የሚገለበጠውን ሶፍትዌር በዋጋ ለመርታት ያደረገው ሙከራ መጥፎ ሙከራ ነበር። በ2004 እንደ ታይላንድ፣ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ላሉ ገበያዎች ስታርተር የሚባል እትም አዘጋጀ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ፕሮግራም በላይ አይከፍትም፤ የስክሪኑም ጥራት ከ1024 በ768 አያልፍም። አራተኛ ፕሮግራም ለመክፈት የሞከረ ሰው አንዱን ዝጋ ይባላል። ምንም ገደብ የሌለው የተሰረቀ ፕሮፌሽናል በሲዲ ዋጋ በሚገኝበት መንደር ይህን ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ማን ነው? ድሃ ደንበኛ የሚፈልገው የቀነሰ ዋጋ እንጂ የቀነሰ ኮምፒውተር እንዳልሆነ ለመረዳት ኩባንያው ዓመታት ፈጀበት።

ከሁሉም ልዩነቶች ብዙ ያልተወራለት የድጋፍ ዘመን ነበር። በማይክሮሶፍት የቀድሞ ደንብ የሥራ እትሞች አምስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያም አምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛሉ፤ የቤት እትሞች ሁለተኛው አምስት ዓመት አይገባቸውም። ደንቡ እንደ ተጻፈ ቢቀር ኖሮ ኤክስፒ ሆም ከፕሮፌሽናሉ ዓመታት ቀድሞ ይሞት ነበር። በጃንዋሪ 2007 ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ ሆምንም እስከ ኤፕሪል 8፣ 2014 አስቀጠለው። በፌብሩዋሪ 2012 ደግሞ ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 የቤት እትሞች ተመሳሳይ ውሳኔ ወሰነ። ደግ ሆኖ ብቻ አይደለም። ያልተጠገነ የቤት ኮምፒውተር ቫይረስ ሲይዝ ከጎረቤቱ የቢሮ ኮምፒውተር ጋር የሚጋራው አንድ ኢንተርኔት ነው። በዊንዶውስ 11 የሆምና የፕሮ ዕድሜ እኩል ነው፤ እያንዳንዱ ዓመታዊ ስሪት 24 ወር ይደገፋል፤ 36 ወር የሚያገኙት ኢንተርፕራይዝና የትምህርት ተቋማት እትም ናቸው።

ቪስታ በጃንዋሪ 2007 ለተራው ገዢ ሲደርስ እትሞቹ እንደ አሸን ፈሉ። ስታርተር፣ ሆም ቤዚክ፣ ሆም ፕሪሚየም፣ ቢዝነስ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ አልቲሜት። ከዚህ ዘመን ጀምሮ በአንዱ ዲቪዲ ላይ በሱቅ የሚሸጡት እትሞች ሁሉ አሉ፤ የትኛው እንደሚጫን የሚወስነው የምታስገቡት ቁልፍ ነው። የተቆለፈው ጓዳ እዚያው ቤት ውስጥ እንዳለ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። አልቲሜት 399 ዶላር ነበር። ለዚህ ዋጋ «ተጨማሪዎች» ተብለው ቃል ከተገቡት ነገሮች መካከል የፖከር ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ቪዲዮ በዴስክቶፕ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ይገኙበታል። ገዢዎቹ መሳቂያ አደረጉት። ሆም ቤዚክ በተቃራኒው የቪስታ መለያ የሆነውን እንደ መስታወት የሚያሳልፍ መልክ እንኳ አልያዘም። ቪስታ ከመውጣቱ በፊት «ቪስታን መጫን ይችላል» የሚል ተለጣፊ የተለጠፈባቸው ኮምፒውተሮች ይህን ሆም ቤዚክ ብቻ የሚሸከሙ ሆነው በመገኘታቸው በ2007 ሲያትል ላይ ክስ ተመሠረተ። በ2009 ዳኛዋ የጋራ ክስነቱን ብትሰርዘውም ጉዳዩ የኩባንያውን የውስጥ ኢሜይሎች አደባባይ አውጥቷል።

አማርኛ ተናጋሪው ግን ከቪስታ ያገኘው ነገር ነበር። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል የሚያሳይ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ፎንት ያልጫነ ሰው አማርኛ ጽሑፍ ሲከፍት የሚያየው ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። በሁሉም እትሞች። የማሳያ ቋንቋን በተመለከተ ግን እትም ይለይ ነበር። እንግሊዝኛውን ሙሉ በሙሉ በፈረንሳይኛ ወይም በዓረብኛ መለወጥ የሚቻለው በአልቲሜትና በኢንተርፕራይዝ ብቻ ነበር። አማርኛ በሌላ መንገድ ገባ፤ በእንግሊዝኛው ላይ የሚደረብ፣ ዋና ዋና ገጾችን የሚተረጉም ነጻ ጥቅል ሆኖ ቀረበ፤ ይህ ጥቅል ደግሞ በየትኛውም እትም ላይ ይጫናል። የፓሪሱ ሆም ፕሪሚየም ባለቤት ኮምፒውተሩን ወደ ዓረብኛ መለወጥ ሲከለከል፣ የጎንደሩ ሆም ቤዚክ ባለቤት ወደ አማርኛ መለወጥ ይችል ነበር። ትንሽ ቋንቋ መሆን አልፎ አልፎ ይጠቅማል።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ይህ ተገለበጠ። የማሳያ ቋንቋ መለወጥ ለሁሉም ተፈቀደ፤ ከአንድ እትም በስተቀር። ሆም ሲንግል ላንጉጅ የሚባለው እትም ኮምፒውተር አምራቾች በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚጭኑት ሲሆን ስሙ እንደሚለው በአንድ የማሳያ ቋንቋ ታስሯል። በዓረብኛ ወይም በቻይንኛ የተጫነ ሲንግል ላንጉጅ ከገዛችሁ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ መንገዱ እትሙን መቀየር ወይም እንደገና መጫን ነው። ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ላፕቶፕ የምታስመጡ ወይም የምትልኩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ስም ካርቶኑ ላይ ፈልጉት። በአማርኛ መተየብን ግን የትኛውም እትም አይከለክልም። የግዕዝ ፎንትም በሁሉም አለ፤ ኒያላ ዛሬ በተጨማሪ ፎንቶች ውስጥ ሆኖ ፊደሉን በዋናነት የሚያሳየው ኢብሪማ ነው።

ዊንዶውስ 7 በኦክቶበር 2009 ሲወጣ የእትሞቹን ብዛት እምብዛም አልቀነሰም፤ ሆኖም እያንዳንዱ እትም ከሥሩ ያለውን ሁሉ እንዲይዝ ተደረገ፤ በቪስታ ቢዝነስን የገዛ ሰው ሆም ፕሪሚየም ያለውን ሚዲያ ሴንተር ያጣ ነበርና። ስታርተር በትንንሾቹ ኔትቡኮች ላይ ተጫነ፤ የሦስት ፕሮግራም ገደቡ ቢነሳለትም የዴስክቶፕ ሥዕል መቀየር ተከለከለ። የልጅ ፎቶ በስክሪን ላይ ማድረግን የሚያስከፍል እትም ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። የራም ጣሪያውም እንደየእትሙ ነበር፤ ሆም ቤዚክ 8 ጊጋባይት፣ ሆም ፕሪሚየም 16፣ ፕሮፌሽናል 192። ሙሉ ዲስኩን የሚያመሰጥረው ቢትሎከር በአልቲሜትና በኢንተርፕራይዝ ብቻ ስለነበር ተራውን ፕሮፌሽናል የገዛ ጠበቃ ወይም ሐኪም የደንበኞቹን ፋይል የያዘ ላፕቶፕ ቢሰረቅበት ዲስኩ ለሌባው ክፍት ነበር።

በኦክቶበር 2012 የወጣውን ዊንዶውስ 8 ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የጠፋውን የስታርት ቁልፍ እያነሳ ነው። ስለ እትም ጉዳይ ከተነጋገርን ግን ከሁሉ የተሻለውን ሥራ የሠራ እሱ ነው። ለገዢ የሚቀርቡትን እትሞች ወደ ሁለት ዝቅ አደረገ፤ ቢትሎከርን ወደ ፕሮ አወረደ፤ እስከ ጃንዋሪ 2013 መጨረሻ ድረስም ወደ ፕሮ ማሻሻያውን በ39.99 ዶላር ሸጠ። በዚያ ላይ አንድ የማይታይ ለውጥ መጣ። የፈቃድ ቁልፉ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ከሚለጠፈው ወረቀት ወጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ተጻፈ።

ይህ ለየጥገና ቤቱ ትርጉም አለው። ሆም ይዞ የተመረተ ላፕቶፕ ሲጫንበት ዊንዶውስ ቺፑን ያነብና ሳይጠይቅ ሆምን ይመርጣል። ፕሮ የለመደ ባለሙያ ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥረውና ጫኙ ቺፑን እንዳያይ የሚያደርግ ፋይል ፍላሹ ላይ ጨምሮ ፕሮን ይጭናል፤ ቀጥሎም ክራክ። ባለቤቱ ዶላር የተከፈለበትን ሕጋዊ ፈቃድ ጥሎ የአንቲቫይረስ ጥበቃን አጥፍቶ የሚገባ ማንነቱ ያልታወቀ ሶፍትዌር ይቀበላል ማለት ነው። ያንኑ ሆም ቢጭኑለት ኢንተርኔት እንዳገኘ ያለ አንዳች ክፍያ አክቲቬት ይሆን ነበር። ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የባሰ ከንቱ ኪሳራ የለም።

ዊንዶውስ 10 በጁላይ 29፣ 2015 መጣ፤ ሆም 119 ዶላር፣ ፕሮ 199። ልዩነቱ ከችሎታ ወደ ሥልጣን የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። ማሻሻያ ሲወጣ ሆም ይቀበላል፤ ማዘግየት አይችልም። ፕሮ ማዘግየት ይችላል። ማለትም አዲስ ማሻሻያ ፕሪንተር የሚያበላሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚበላሽበት የቤት ተጠቃሚው ነው፤ ድርጅቱ የእሱን ጩኸት ሰምቶ ይጠነቀቃል። ይህን ያልኩት ለማሽሟጠጥ ነው፤ አሠራሩ ግን ከዚህ አልራቀም። በጥቅል ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ነገሩ የባሰ ነበር፤ በሞባይል ዳታ ያገናኘው ላፕቶፕ በጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል ሲያወርድ ጥቅሉ ያልቃል። መፍትሔው እዚያው ሆም ውስጥ ነበር፤ የዋይፋዩን ግንኙነት «ሜተርድ» ብሎ መመዝገብ ትልልቆቹን ማሻሻያዎች ያስቆማል። በሜይ 2019 ደግሞ ሆም ማሻሻያን እስከ 35 ቀን የማቆም መብት አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሆም ታሪክ ጓዳው እየተከፈተ የሄደበት ነው። በ2020 ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ሁለተኛው ስሪት በሆምም እንዲሠራ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ለዶከር ሲሉ ፕሮ መግዛት አያስፈልጋቸውም። የራም ጣሪያው 128 ጊጋባይት ነው፤ ይህን የሚሞላ የቤት ኮምፒውተር ባለቤት ካለ ስለ 99 ዶላር የሚጨነቅ አይመስለኝም። ፕሮ ፈጣን ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ጌምም ሆነ ቪዲዮ ማቀናበሪያ በሁለቱም ላይ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። ለፕሮ የቀሩት ዶሜይን፣ የኮምፒውተሩን ደንቦች የሚያወጣው ግሩፕ ፖሊሲ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ከውጭ የሚገባበት መሆን፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደው ሃይፐር ቪ፣ የማይታመን ፕሮግራም ለይቶ የሚሞከርበት ሳንድቦክስ እና ሙሉው ቢትሎከር ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕን በኤኒዴስክና በቲምቪወር የሚተካው ብዙ ነው። ሆም ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት እንደሚችል፣ የማይችለው ሌላውን ማስገባት እንደሆነም ልብ ይሏል።

በኦክቶበር 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ሆም ገና ሲከፈት ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ፕሮ ለአንድ ዓመት ያህል ከዚህ ግዴታ ነጻ ነበር፤ በ2022ቱ ስሪት ለግል አገልግሎት የሚከፈት ፕሮም ተመሳሳይ ግዴታ ገባበት። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ከምስጠራው ጋር ሲገናኝ ትልቅ ይሆናል።

ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ በአንዳንድ የሆም ላፕቶፖች ላይ ቀለል ያለ ምስጠራ ነበር፤ መሣሪያው የሚጠይቀው መስፈርት ጥብቅ ስለሆነ ብዙዎቹን አልነካም። በ2024 መጨረሻ የወጣው 24ኤች2 ስሪት መስፈርቱን አላላው። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ወይም እንደ አዲስ ሲጫን፣ ሆምም ይሁን ፕሮ፣ ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባ ዲስኩ በራሱ ይመሰጠራል፤ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፉም ወደዚያ አካውንት ይሄዳል። ለተሰረቀ ላፕቶፕ ይህ ግሩም ነገር ነው። በዊንዶውስ 7 ዘመን ለአልቲሜት ከ300 ዶላር በላይ ይከፈልበት የነበረ ጥበቃ ለሆም በነጻ መጣ። ችግሩ ቁልፉ የማን አካውንት ውስጥ እንደገባ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህት ላፕቶፑን ገዝታ ለወንድሟ ከመላኳ በፊት «ልሞክርልህ» ብላ በራሷ ኢሜይል ከከፈተችው ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። ሱቁ በራሱ አካውንት ከከፈተው ሱቁ ዘንድ ነው። ከወራት በኋላ ባዮሱ ሲታደስ ወይም ማዘርቦርዱ ሲጠገን ሰማያዊው ገጽ 48ቱን አኃዝ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ዳታውን የሚያወጣ ባለሙያ አዲስ አበባም የማይክሮሶፍት መቀመጫ ሬድመንድም የለም። በሆምና በፕሮ መካከል ዛሬ ያለው ቁም ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ሁለቱም ያመሰጥራሉ፤ ፕሮ ግን የትኛው ድራይቭ እንደሚመሰጠር፣ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ ሲከፈት ተጨማሪ ፒን ይጠየቅ እንደሆነ ለባለቤቱ ወይም ለድርጅቱ ይተዋል፤ ፍላሽ ዲስክንም ይቆልፋል። ሆም ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ለውጥ አስቂኝ ጎን አለው። ዊንዶውስ 7 በጃንዋሪ 2020 ሲሞት ከፍሎ ማራዘም የተፈቀደው ለሥራ እትሞች እንጂ ለሆም አልነበረም። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14፣ 2025 ድጋፉ ሲያበቃ ግን የግል ተጠቃሚው ለአንድ ዓመት፣ እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026፣ በ30 ዶላር ወይም ቅንብሮቹን ወደ አካውንቱ በመገልበጥ በነጻ ማራዘም ቻለ። ለሆምም ለፕሮም። የተከለከሉት በድርጅት ዶሜይን ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ እነሱ ለመጀመሪያው ዓመት በማሽን 61 ዶላር፣ በየዓመቱም እጥፍ ይከፍላሉ። በድርጅት ዶሜይን ውስጥ መሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቀና ሳይሆን የሚያስከፍል ሆነ።

በሌላው ሰፈር ነገሩ ቀላል ነው። አፕል ማክ ኦኤስን በአንድ እትም ብቻ ያቀርባል፤ ከ2013 ወዲህ ማሻሻያው በነጻ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለተማሪ፣ ለጸሐፊ፣ ለግራፊክስ ሠራተኛ፣ ጌም ለሚጫወት ልጅ፣ ለፕሮግራመርም ጭምር ሆም ይበቃል። 99 ዶላሩ ራሙን ወደ 16 ጊጋባይት ቢያሳድግ ወይም ኤስኤስዲ ቢያስገባ በየቀኑ ይታያል፤ ፕሮ ቢያደርገው ግን ባለቤቱ ላያየው ይችላል። የሌላ ሰው ምስጢር የሚይዝ ሰው ጉዳይ ይለያል። ክሊኒክ፣ የሕግ ቢሮ፣ የሒሳብ አዋቂ፣ የተረጂዎች ስም ዝርዝር የሚይዝ ድርጅት ፕሮ ይግዛ፤ የሚገዛውም ለቢትሎከሩና ሠራተኛው ሲለቅ ኮምፒውተሩን ከመሥሪያ ቤቱ ሳይርቁ ለመቆጣጠር ነው። ለዚህ አዲስ መግዛት የግድ አይደለም። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጡት ያገለገሉ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ ላፕቶፖች ለኩባንያ የተሠሩ በመሆናቸው አብዛኛውን ጊዜ የፕሮ ፈቃድ ቺፓቸው ውስጥ አለ።

አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ከውጭ የሚመጣላችሁ ደግሞ «ኤስ ሞድ» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ። ይህ ሆም ከማይክሮሶፍት መደብር ውጭ የመጣ ፕሮግራም አያስገባም፤ የአማርኛ መተየቢያውን ፓወር ግዕዝን ለመጫን ስትሞክሩ ይከለክላችኋል። መውጣት በነጻ ነው፤ ከወጡ በኋላ መመለስ የለም። በ10 እና በ15 ዶላር ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡትን የፕሮ ቁልፎች ተዉአቸው፤ ብዙዎቹ ከድርጅትና ከትምህርት ቤት የጅምላ ፈቃድ የተቆነጠሩ ናቸው፤ ባለቤቱ ሲነቃ ወይም ማይክሮሶፍት ሲደርስበት ይዘጋሉ።

የያዛችሁትን ለማወቅ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» የሚለውን ክፈቱ። ሆም ቢልም ፕሮ ቢልም፣ በዚያው ቀን ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ የ48 አኃዙን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱንም ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት።